ዋናው ክር

ሽማግሌው ድምፅ ቀራጭ የሙዚቃ ክሮቹን በሚያስቀምጥበት ክፍል፣ ከመሰላሉ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ አንድ ካርቶን ወድቋል፤ ውስጡ ሪል በሚሉት ትልቅ ክብ መጠምጠሚያ ላይ የተጠመጠመ የድምፅ ክር አለ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «ካርቶኑን ሲያወርድ አዳልጦት ነው» ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋ ዳር ዳር እያለ ነበር።

መርማሪዋ የሬሳውን ግንባር አየች፤ ማጅራቱንም አየች።

«አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ከፊትም ከኋላም አይፈነከትም። ገፍተው ጥለውታል፤ ከዚያ ጨርሰውታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ቤት የመጡትን ሁሉ ጥራልኝ።»

የመጡት ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ዓይንህን ለአፈር የተባባሉ። ትራምፔት ነፊውና ድራመሩ፣ ጃዝን ከአገር ዜማ ጋር መጀመሪያ ያዋሃደው ባንድ የመጨረሻ ቅሪቶች ናቸው። ሦስተኛዋ የሟቹ ልጅ ናት። ከሞተች የቆየችው እናቷ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ነበረች። አሁን አንድ አሳታሚ የባንዱን አሮጌ ቅጂዎች እንደገና ሊያወጣ ነው፤ ጠቡም ከዚያ ተነሣ። ባንዱ ስም ያተረፈበት ዜማ እስከ ዛሬ የትራምፔት ነፊው ድርሰት እየተባለ ኖሯል፤ ልጅቱ የእናቴ ነው ትላለች። ማስረጃዋ በዚያ በወደቀው ካርቶን ውስጥ ያለው ዋናው ክር ነው። ባንዱ ዜማውን ሲለማመድ የተነጋገረው ሁሉ ተቀርጾበታል። ሽማግሌው ለዓመታት ሲደብቀው ኖሮ፣ አሁን ለአሳታሚው ሊሰጠው ቆርጦ ነበር።

ትራምፔት ነፊው ሳሎን ውስጥ እግሩን አነባብሮ ጠበቃት።

«ትናንት እዚህ ምን ሠሩ?»

«ምን እሠራለሁ? በረንዳው ላይ ቆሜ ተጨቃጨቅን፣ ሄድኩ። ያንን የክር ክፍል መጨረሻ ስረግጠው ፀጉሬ ጥቁር ነበር።»

«ጭቅጭቁ በክሩ ነው?»

«ስሚኝ ልጄ፤ ለዚያ ክር ብሎ ሰው የሚገድል እብድ ነው። የተበላሸ ዕቃ! ሰው ይናገር፣ ውሻ ያጉረምርም፣ አይለይም። እሷ ግን እሱን ይዛ ልትከሰኝ ትፎክራለች።»

«ልጅቱን አይወዷትም ማለት ነው።»

«የማልወደው እናቷን ነበር። ልጅቱ ገና ወረፋ ላይ ናት።»

ድራመሩን ወጥ ቤት አገኘችው። ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ያልተጣላሁት ማን አለ? ፈሪ ነበር! ስንት ዘመን ደበቀው ይሄን ክር! ‹ባንዱ ይፈርሳል› ይለኝ ነበር፤ የፈረሰ ባንድ ደግሞ ምኑ ይፈርሳል? ትናንት ሰድቤው ወጣሁ። ሰደብኩት እንጂ አልገደልኩትም፣ ገባሽ?»

«የክር ክፍሉን ያውቁታል?»

«ካርቶኖቹን አብሬው የደረደርኩት እኔ ነኝ። ያ ጉረኛ ትራምፔት ነፊ ግን ማይክሮፎን ፊት ፀጉሩን ያበጥር ነበር እንጂ ወደ ማሽኑ ዞር ብሎ አያይም።»

መርማሪዋ ልጅቱን ይዛ የክር ክፍሉ ገባች። ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አውርዳ ሪሉን ማጫወቻው ላይ ጫነች። ማሽኑ አጉረመረመ።

«ገልብጠሽ ነው የጫንሽው» አለች ልጅቱ በንቀት። «አባዬ ክር አጫውቶ ሲጨርስ ወደ መነሻው አይመልሰውም። መጨረሻው ውጭ እንደሆነ ነው የሚያስቀምጠው። ክር ሲቆይ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ድምፅ ያጋባል፤ እንዲህ ሲሆን ማሚቶው ከዜማው ኋላ ይደበቃል። መጀመሪያ ወደ መነሻው ታጠነጥኚዋለሽ፣ ከዚያ ትሰሚያለሽ፤ አለዚያ ከመጨረሻው ወደ መነሻው እየሄደ ያጉረመርማል። ጋሼ ድራመሩም ያውቃል።»

መርማሪዋ ሌላ ካርቶን አወረደች፤ ሌላም። ሁሉም አጉረመረሙ። ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ስትጭን ግን ኦርጋን ጥርት ብሎ ወጣ። ወዲያው አጠፋችው።

«ይሄን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሰማችሁት?»

«ከትናንት ወዲያ፣ ከአባዬ ጋር። ራሱ መልሶ አስቀመጠው።»

«ሁለቱንም እዚህ ጥሪልኝ።»

ሦስቱ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተፋጠው ቆሙ። ፖሊሱ በሩን ያዘ።

«ይህ ክር ከትናንት ወዲያ ሲቀመጥ መጨረሻው ውጭ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ውጭ ያለው መነሻው ነው። ስለዚህ በመካከል አንድ ሰው ነክቶታል። ልማዱን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ያጠነጥነዋል፤ አጫውቶ ሲጨርስም ክሩ እንደነበረ ይሆናል። ይህ ሰው ግን እንዳገኘው ጫነው፤ ድምፁም ወደ ኋላ ሄደበት። ደህና ቦታ የሚያገኝ መስሎት እስከ ጫፉ አስሮጠው፤ ሳያውቅ ገለበጠው። ከዚያ ‹በቃ፣ ክሩ ተበላሽቷል› ብሎ ካርቶኑ ውስጥ ከተተና ሬሳው አጠገብ ጣለው፤ ሽማግሌው ሲያወርደው የወደቀ እንዲመስል።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» አለ ትራምፔት ነፊው።

«እነዚህ ሁለቱ አጫጫኑን ያውቃሉ፤ ለእነሱ ክሩ አጉረምርሞባቸው አያውቅም። ያጉረመርማል ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በረንዳው ላይ ቆመው የሄዱት።»

«እሱ ነው የነገረኝ! ሟቹ!»

«ስምዎን ሊያስፍቅበት የያዘውን ክር ተበላሸ ብሎ ሊነግርዎት?»

መርማሪዋ ማጫወቻውን ከፈተችው። የወጣት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ «አይደለም፣ አይደለም! ዜማዬን ከምታበላሽብኝ ዝም ብለህ ስማ።» የትራምፔት ነፊው የጎረምሳነት ድምፅ እየሳቀ መለሰላት፤ «እሺ፣ የኔ እመቤት። ያንቺው ዜማ፣ ያንቺው ቁጣ።»

ትራምፔት ነፊው ወደ ማሽኑ ተወረወረ፤ ፖሊሱ ክንዱን ጠምዝዞ ያዘው።

«ደህና መሆኑን ባውቅ ኖሮ አመድ አደርገው ነበር!» ብሎ ጮኸ። ምን እንዳለ የገባው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። «አጥፉት! እባካችሁ አጥፉትና ውሰዱኝ!»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችው ልጅ ወደ ማሽኑ ሄዳ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ቁም! ወዴት ነው?» አለችው። «አንተ የምትገባበት ገና ነው።»

ኦርጋኑ ብቻውን ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው። ትራምፔቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።