ያልተሰካው ማዳመጫ

እኔ ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴፕ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ኤሌክትሪክ ከሌለ ድምፅ የለም ባይ ነኝ፣ ስለ መንፈስ ለሚያወራ ሰው ጆሮም አልነበረኝም፤ አስቀድሜ ይህን የምላችሁ ጫት ቅሞ ነው እንዳትሉኝ ነው።

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ የጥገና ሱቅ ነበረችኝ፣ አከራዬ እማማ ሃዋ ሶማሌ ናቸው፣ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ የልጃቸውን የአብዲን ማዳመጫ ይዘው መጡ። አብዲ በጀልባ ወደ የመን ከተነሳ ሰባት ወሩ ነው፣ ደረሰ ያለም ሰመጠ ያለም የለም።

«ከሱ የቀረኝ ይሄ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቷል» አሉኝ።

የድሮ ዕቃ ነው፣ በየጆሮው ሁለት ድምፅ ማውጫ አለው፣ አንዱ እንደ ማንኛውም ስፒከር በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ወፍራሙን ይሰጣል፣ ሌላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ነው፣ ቀጭኑን ያወጣል፤ ሁለቱ ሲስማሙ፣ እመኑኝ፣ የዘፋኝ ከንፈር ሲላቀቅ ሳይቀር ይሰማል።

ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁት መብራት ጠፋ። ቬንቲላተሩ ቆመ፣ የማዳመጫው ሽቦ ጫፍ ገና አልተሰካም፣ እጄ ላይ ነው፣ ግን አንድ ነገር «ስ… ስ…» አለ። የራሴ ደም ነው ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ አላቆመም፤ ቀጥሎ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ ሰማሁ፣ ሰው እያወራ ነው፣ ሹክሹክታው እንጂ ቃሉ አይያዝም።

እማማ ሃዋ ፊቴን አይተው ነጠቁኝና አዳመጡ።

«‹ሆዮ› ይለኛል፣ እናቴ እያለኝ ነው! ሌላው አልያዝ አለኝ። ተሾመ ልጄ፣ ፍታው!»

«እማማ፣ ከፈታሁት ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።»

«አሁንስ ምን ይዣለሁ?»

ፈታሁት፣ የተበጠሰውን ሽቦ አገኘሁ፣ መበየጃዬ ግን ያለ መብራት አይሞቅም፤ ምን ላድርግ፣ ሁለቱን ጫፎች በጥፍሬ አገናኝቼ ያዝኩላቸው። ወዲያው በሶማሊኛ መመለስ ጀመሩ፣ እንባቸው እጄ ላይ ይንጠባጠባል፣ እኔ መንቀሳቀስ አልችልም።

«ምን አለዎት?»

«‹የት ነሽ?› አለኝ። ‹ቤት ነኝ› አልኩት። ‹እኔም ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ማንም የለም› ይለኛል።»

ቤታቸው ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ሮጠው ሄደው በሩን በረገዱት፣ ተከትዬ አየሁ፣ ባዶ ነው። መሃሉ ላይ ቆመው «አብዲ፣ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» እያሉ ወደየጥግ ይዞራሉ።

ተመልሼ ማዳመጫውን አጠለቅሁ፣ ሽቦውን ያዝኩ። እርምጃ ሰማሁ፣ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ ከዚያ በር ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ቀና ስል የእማማ ሃዋ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፣ እሳቸው አሁንም ይጣራሉ። አብዲ መሄዱን መስማቴን እስካሁን አልነገርኳቸውም።