ከጆሮው ጀርባ የገባችው ሽቦ

ናሪ የዚያን ቀን ጠዋት የጥናት ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋ አገኘች።

«እባክዎ እስክሪብቶዎን ቀጭ ቀጭ አያድርጉት። ላብድ ነው።»

ፊቷ ቀላ። ኖርያንግጂን ሰፈራችን የመንግሥት ሥራ ፈተና አጥኚዎች መናኸሪያ ነው፤ በጥናት ክፍሎቹ ውስጥ ማንም ቃል አይተነፍስም፣ የከፋው ሰው ጽፎ ይለጥፋል። ዞር ስትል ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ እስከ ጆሮው ቀልቶ መጽሐፉ ውስጥ ተደበቀ። መጽሐፉን የያዘው ገልብጦ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ እሷም ለጠፈችለት። «እርስዎም አፍንጫዎን ይናፈጡ።»

ደረጃው ላይ ሲገናኙ ሳቅ አመለጣቸው። ዶጁን ይባላል፤ ሲያፍር ይንተባተባል። ሁለቱም ፈተናውን ደጋግመው ወድቀዋል። ከዚያ ወዲያ በኩባያ የሚሸጠውን ርካሽ ሩዝ መንገድ ዳር ቆመው አብረው ይበሉ ጀመር፤ አንቱ መባባሉም ሳይውል ሳያድር ቀረ።

ልጆቼ፣ ደጋግሞ የወደቀ ሰው የማይሞክረው ነገር የለም። አንድ ቀን ዶጁን ሩዙን እያማሰለ፣ «አንድ ክሊኒክ አለ» አላት። «አእምሮ ስል ያደርጋሉ። ከጆሮሽ ጀርባ ቀጭን ሽቦ ይከቱልሻል፤ ከዚያ አንዴ የገባ ነገር አይወጣም።»

«የማይወጣ ነገር ምን ጥሩ አለው?»

«መውደቅስ ምን ጥሩ አለው?»

ዶጁን ክሊኒኩ ሄደ።

ሽቦዋ ገባች። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ያንን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ እንደ ዘፈን በቃሉ ይወጣው ጀመር። አንድ አመሻሽ የሃን ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመው ሳለ፣ ያ ተንተባታቢ ልጅ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብሎ፣ «ናሪ፣ የማረጀው ካንቺ ጋር ነው» አላት።

ከዚያ ግን እግሩ ማረፍ አቃተው። ተቀምጦ ይነሳል፣ ተነስቶ ይቀመጣል። እንቅልፍ ከዓይኑ ሸሸ። ወሬ ስትጀምርለት እሱ ይጨርሰዋል።

«ዛሬ እናቴ ደውላ...»

«ኪምቺ ልላክልሽ ወይ፣ ከስተሻል አለችሽ። ባለፈውም በዚሁ ቃል ነው የነገርሽኝ።»

«አዲስ ነገር ነበረው እኮ።»

«ምን?»

«ተወው።»

ወሬ መጀመር ተወች። አንድ ጠዋት ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ቢጫ ወረቀት ጠበቃት። «ትንፋሽሽ ይሰማኛል። እባክሽ ቦታ ቀይሪ።» ጽሑፉ የዶጁን ነው።

አላለቀሰችም። መጽሐፎቿን ሰብስባ ወጣች፤ እግሯ ግን ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም ነበር። ስትዞር ዋለች። «ዘገምተኛ ሆኜበት ነው» ብላ ደመደመች። ከቀናት በኋላ የክሊኒኩን ደረጃ ስትወጣ፣ እሱ መሃል ደረጃው ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

«ኦፓ?» ብላ በፍቅር አጠራር ጠራችው።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሽቦ ላስገባ። ካንተ እኩል እንድራመድ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዳታደርጊው።»

«አንተ አስገብተህ የለ?»

«ናሪ፣ ምንም ነገር አይወጣም እኮ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ፣ የሰው ሳል፣ የበር ድምፅ... ሁሉም እዚህ ውስጥ ይጮኻል። የሚያሳርፈኝ ያንቺ ትንፋሽ ብቻ ነበር። በኋላ እሱም ይጮኽብኝ ጀመር። ልጠላው ነው ብዬ ፈራሁ። ቦታ ቀይሪ ያልኩሽ ለዚያ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠች። «ሐኪሙ ምን አለ?»

«ዛሬ ካልወጣች ሥጋ ይውጣታል፣ ከዚያ ወዲያ አትነካም። ከወጣች ደግሞ፣ እሷ ከገባች ወዲህ የያዝኩት ሁሉ አብሯት ሊሄድ ይችላል።»

«መጽሐፉ?»

«መጽሐፉም። ፈተናው ደግሞ ቅዳሜ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺን ያገኘሁሽ ከሽቦዋ በፊት ነው። የዚያ እስክሪብቶ ነገር መቼም አይወጣልኝም።»

የድልድዩ ቃል ግን ከሽቦዋ በኋላ ነበር። ናሪ ይህን እያወቀች እጁን ይዛ አስነሳችው፤ ወደ ሐኪሙ ገቡና ሽቦዋ ወጣች።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አፉን ከፍቶ ትከሻዋ ላይ ተኛ። ሲነቃ፣ «እናቴ ደውላ ነበር» አለችው።

ጠበቃት። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ልጁን አምጪልኝ አለች።»

ቅዳሜ ተፈተኑ። ናሪ ለጥቂት አለፈች። ዶጁን ወደቀ፣ ዓሣ ገበያው ውስጥ ሥራ ያዘ። አሁን እንደ ልቡ ይተኛል፤ መንተባተቡም ተመልሷል። አንድ ነገር ግን ይከነክነዋል።

«ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፊትሽ ይለወጣል። የሆነ ነገር ብዬሽ ነበር?»

«ብለኸኝ ነበር።»

«ምን?»

«ራስህ ድረስበት።»

ብርዱ አልፎ ዛፉ ሲያብብ፣ ድልድዩ መሃል ላይ ቆም አለ። የሥራ ቦቲውን እንኳ አላወለቀም።

«ናሪ... እኔ... የማረጀው...»

አንደበቱ ተያዘ። የቀረውን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። መኪናው ይጮኻል፣ ነፋሱ ፀጉሯን ይበትናል፣ እሱ ቦቲውን ያያል። ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችው።

«...ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩም ቢሆን... ካንቺ ጋር ነው።»

ናሪ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የዓሣውን ነገር አታውቀውም ነበር።