የቲራ ከተማ

ቶርኬል ምድር ቤቱ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የእሳት መቆስቆሻው ብረት ሰባት ጊዜ አርፎበታል፤ የመጨረሻዎቹ ሙት ላይ የወረዱ ናቸው። ፊቱ ፊት መሆኑ ቀርቷል። ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል።

ኢንስፔክተር ጉንቮር ከኡሜዮ ከተማ መኪና ነድታ ስትደርስ፣ ቀድመው የመጡት ፖሊሶች ማይከን የተባለችውን መምህርት በካቴና አስረው ጨርሰዋል። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። እጅጌዋ በደም ርሷል፤ ሐሙስ ዕለትም ከሟቹ ጋር ስትጯጯህ ጎረቤት ሰምቷል። ለሰነፍ ፖሊስ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለች ጉንቮር።

«በበረሃ» አለች ማይከን። «በሌለ በረሃ። አሰልቺ ነው አለኛ።»

ቶርኬል የጨዋታ መሪ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ የፈጠራ ዓለም ይተርካል፤ ሦስት ጓደኞቹ ባለ ቁጥሩን ዳይስ እየጣሉ በዚያ ዓለም ይዋጋሉ፣ ይሞታሉ። ለአዲሱ ጨዋታ ዓለም መምረጥ ነበረባቸውና ሐሙስ ዕለት ሁሉም የየራሳቸውን ካርታና ድምፃቸውን የጻፉበትን ወረቀት ለቶርኬል ሰጡት። ማይከን በረሃዋን፣ የአውቶቡስ መካኒኩ ሲክስተን የበረዶ ባሕር፣ የጥርስ ሐኪሙ ሄንሪክ ደግሞ ልጁ ቲራ ሆስፒታል ተኝታ የሣለችውን ከተማ አቀረቡ። ቲራ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ውጤቱ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ሊነገራቸው ነበር፤ ቶርኬል ግን የተገደለው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ሲክስተን ጋራዥ እንደነበር ተናገረ። «እኔ ብሆን አንዴ ነበር የማሳርፍበት። ብረት መምታት ሥራዬ ነው።»

«ምነው ቀልዱ በዛ?» አለች ጉንቮር።

«ካልቀለድኩ ላለቅስ ነው። የቱ ይሻልሻል?»

ሄንሪክ ማዕድ ቤት ምድጃው አጠገብ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ቤቴ ነበርኩ፤ ማይከን ስትደውል ነው የመጣሁት» አለ። «ቶርኬል ምን አደረገኝ ብዬ? የተመረጠው የእኔ ዓለም ነው። ተመርጦልኝ ሰው እገድላለሁ?»

ጉንቮር ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርታዎች ደም ተረጭቶባቸው ተቀምጠዋል፤ በረሃውና የበረዶው ባሕር። በመካከላቸው የካርታ ስፋት ያለው ንጹሕ እንጨት ይታያል፤ ዙሪያውን ደም ከቦታል። ከሟቹ ኪስ ሦስቱን የድምፅ ወረቀቶች፣ ከወገቡ ሥር ደግሞ የጨዋታ ደብተሩን አወጣች። አንድ ገጽ አነበበችና ደብተሩን ይዛ ወጣች።

ሁሉንም ማዕድ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ማይከንን ፍቷት። ካቴናው ለሌላ ሰው ይፈለጋል» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ ካርታ ነበር። የተነሳው ደሙ ከተረጨ በኋላ ነው። ደም የነካውን ወረቀት ይዞ የሚሸሽ ገዳይ የለም፤ ትቶት መሄድ ካላቃተው በቀር።»

«የእኔን ገና አልሰጠሁትም ነበር» አለ ሄንሪክ።

«ሐሙስ አብረን አይደል እንዴ የሰጠነው?» አለ ሲክስተን።

«ደግሞ ተመርጫለሁ አልከኝ» አለች ጉንቮር። «የድምፅ ወረቀቶቹ የነበሩት ሟቹ ኪስ ውስጥ ነው፤ ካገኘኋቸው ወዲህ ለማንም አላሳየሁም። ሊነግርህ የሚችለው ቶርኬል ብቻ ነው፤ ውጤቱን ሊናገር የነበረው ደግሞ ዛሬ ነው። ኮትህን አውልቅ ሄንሪክ። ይሞቃል እኮ።»

ሄንሪክ ቀስ ብሎ ቁልፎቹን ፈታ። ካርታው ደረቱ ላይ በደም ተጣብቆ ነበር።

«ሁላችንም ለቲራ ነው ድምፅ የሰጠነው» አለች ማይከን እያለቀሰች። «ለምን ታዲያ?»

«ቀድሜ መጥቼ ውጤቱን ጠየቅሁት» አለ ሄንሪክ። «ያንተ ነው የተመረጠው ካለኝ በኋላ ‹በመጀመሪያው ቀን ከተማው ይቃጠላል› አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። ቲራ እዚያ ቤት አላት። መስኮቱ ላይ ራሷን ሥላለች። ሁለተኛ ልትሞትብኝ?» እጆቹን አየ። «ሌላም ሊለኝ አፉን ሲከፍት መታሁት።»

ጉንቮር ባታነበው ትወድ ነበር። ግን ደብተሩን ገለጠች።

«‹በመጀመሪያው ቀን ከተማው ይቃጠላል። አንዲት ልጅ በመስኮት ዘላ ትተርፋለች፤ ስሟ ቲራ ነው። ከዚያ በኋላ ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት። ዳይሱ ምንም ቢል እሷ አትሞትም።›»

ሄንሪክ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

ጉንቮር ደገመችለት።