የቋሚዎቹ መቃብር

ሟቹን ሳያስፈቅዱ መቃብር ማንሳት በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፣ የይርገዱ እንጀራ ከሙታን ጋር መነጋገር ሆነ። «አስፈቃጅ» የሚሉትን መሣሪያ እንደ ልጅ አዝላ ትዞራለች። መሣሪያው ከመሬት በታች ያለውን አፅም አይቶ፣ የድንጋዩን ቅርፅና ሟቹ የተወውን ጽሑፍ መርምሮ፣ ሰውየው በሕይወት ቢኖር ምን ይል እንደነበር በሰው ድምፅ ይናገራል። ሙታን ደግሞ ሲበዛ ደጎች ናቸው። ተነሡ ተብሎ እሺ ያላለ ገጥሟት አያውቅም። የገዛ አባቷ እንኳ፣ በቁሙ ወንበር ልቀቅ ቢሉት ሰፈር የሚያምስ ሰውዬ፣ ለመንገድ ሥራ ተነሣ ሲባል እንደ አዲስ ሙሽራ ተሽኮርምሞ እሺ ብሏል።

በመፀው፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ የተላከችበት ተረተር ግን ሌላ ሆነ። በቢጫው አበባ መሐል ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጥርብ ድንጋዮች ቆመዋል፤ በየድንጋዩ ላይ «አትቅረብ» እንደሚል የተዘረጋ መዳፍ ተቀርጿል። ከሥር ያሉት በጥንት ነገሥታት ዘመን «ከፈጣሪ በቀር ለማንም አንሰግድም» ብለው ያለቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ዘር አልተረፋቸውም። የተቀበሩትም ቆመው ነው። አሁን በአየር ላይ የምትኖረው ተንሳፋፊ ከተማ መልሕቋን የምትተክልበት ስታማርጥ ዓይኗ እነሱ ላይ አረፈ።

ይርገዱ ጠየቀች። አስፈቃጁ «እምቢ» አለ።

ወደ ቀጣዩ ሄደች፤ እምቢ። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሴትዮማ ባሰች፤ «ንጉሥሽ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ» አለቻት።

ወሬው የደረሰው የክፍሏ ኃላፊ ሰውአገኝ በበራሪ ጋሪ ከች አለ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው፣ ከተማዋ በማግስቱ ትደርሳለች፣ ቶሎ ይጠገን አለ። ይርገዱ ከፍታ መረመረችው፤ ብልሽት የለበትም። ያገኘችው ሌላ ነገር ነው። አስፈቃጁ የተሠራው፣ ሟቹ እምቢ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ሲያጣ «እሺ» እንዲል ነው። ዝም ያለ ሁሉ እንደፈቀደ ይቆጠራል። አባቷም አልፈቀደም፤ እሺ የተባለለት እምቢታውን በድንጋይ የቀረጸለት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

ልትቀመጥ አለችና ቆመው በተቀበሩት ሰዎች ፊት አፈረች።

ሰውአገኝ ድምፁን አለዘበ። «እትዬ ይርገዱ፣ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይህን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን። መዳፎቹን መሣሪያው ካነሣው ምስል ላይ ያጥፏቸው፤ መሣሪያው ራሱ እሺ ይላል። አለዚያ ነገ ሥራውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ይርገዱ ዕድሜዋን ሙሉ በዝምታ የታወቀች ሴት ናት፤ ዝምታዋ ሹመት ባያስገኝላትም ጠላት አላፈራባትም። አሁን ግን የመሣሪያውን መናገሪያ ወደ አፏ አስጠጋች። እዚያ የገባ ቃል በቀጥታ የመቃብር ፈቃድ የሚያጸድቁት ዳኞች ዘንድ ይደርሳል፤ አይፋቅም።

«እነሱ እምቢ ብለዋል፤ እኔም እምቢ ብያለሁ። የአባቴም እምቢታ ይጻፍልኝ።»

መሣሪያው እንዲህ ያለውን ቃል ከሕያው ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ለእሱ እምቢታ የእነዚህ ሙታን ቋንቋ ነው። ስለዚህ በትሕትና ጠየቃት፦

«መቃብርዎ የትኛው ነው?»

ሰውአገኝ ሳቁ አመለጠው። ይርገዱ በድንጋዮቹ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

«ገና አልተቀበርኩም» አለችው መሣሪያውን።