ስንጥር ሦስተኛ ወጣች

«ፍሬን ያዢ!» አለ ታላቅ ወንድሟ ከአጥሩ ጀርባ። ወዲያው ደግሞ «ልቀቂው!» አለ።

ስንጥር ሄልሜቷ ውስጥ ጥርሷን ነከሰች። ጎካርት የሚባሉት የሰባቱ ትንንሽ የውድድር መኪኖች ጩኸት እንኳ የሱን ድምፅ መሸፈን አቅቶታል።

ቤተሰቡ ስንጥር የሚላት ከቅጥነቷ የተነሳ ነው። ወንድሟን ደግሞ ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ የፈታውን ነገር መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ስለሚተርፈው ነው። መካኒኳ እንግዲህ እሱ ነው። አሰልጣኟም እሱ ነው፤ ለዚህኛው እንኳ የሾመው የለም።

ዓመቱን ሙሉ ከሰባት ስድስተኛ እየወጣች ሰልችቷታል። አንድ ጊዜ አምስተኛ የሆነችውም ከፊቷ የነበረው ልጅ ሞተሩ ስለጠፋበት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ማጣሪያ ነው፤ እስከ ሦስተኛ የወጣ ለፍጻሜ ያልፋል።

በመጨረሻው ዙር፣ ሁልጊዜ አንሸራትቶ ከጎማ ክምሩ ጋር የሚያላትማት ኩርባ ላይ ጎካርቱ እንደ ታዛዥ ልጅ እጥፍ አለላት። ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን ብቻ የምታውቀውን ባለ ቀይ ሄልሜት ልጅ በውስጥ በኩል አልፋው ገባች። ሦስተኛ።

«ፍሬን ያዢ ስልሽ ብትይዢ ሁለተኛ ነበርሽ» አላት ኢንጂነሩ ገና ከመቀመጫዋ ሳትነሳ።

«ልቀቂም ብለሃል።»

«እሱ ለሌላው ኩርባ ነው።»

«እሺ፣ ውሃዬ የት አለ?»

«ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ።»

ኢንጂነሩ በሕይወቱ ለማንም ውሃ አምጥቶ አያውቅም። ስንጥር ቀድማው ውሃዋ የሚቀመጥበትን የመሣሪያ ቦርሳ ከፈተች። ከካቻቢቴዎቹ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ለማንሳት ከበዳት። ጨርቁን ሳትፈታ አወቀችው።

በክለቡ ደንብ ነጂውና ጎካርቱ አንድ ላይ ከተወሰነ ክብደት ማነስ የለባቸውም፤ የቀለለ ይፈጥናልና። እንደ ስንጥር ላሉት ከመቀመጫው ጎን እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ይታሰርላቸዋል። ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጣ እዚያው ታስሮ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

ኢንጂነሩ ጆሮውን አከከ። «ተረፈኝ።»

«አትቀልድ።»

«ከሚዛኑ በኋላ ፈታሁት። ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ሰው ይሰማል። ስድስተኛ፣ ስድስተኛ እያልሽ ቤት ስትነጫነጪ የምሰማው እኔ ነኝ። ደግሞ ዳኛዋ መልሰው የሚመዝኑት አንደኛውን ብቻ ነው። ማንም አያውቅም።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«ያንን ኩርባ ስለማመድ ነው የከረምኩት። ዛሬ ተሳካልኝ ብዬ… አሁን እኔ ልሁን አንተ በምን ልወቅ?»

«ትንሽዬ እርሳስ እኮ ናት።»

«ትንሽ ከሆነች ለምን ፈታሃት?»

ኢንጂነሩ ካቻቢቴዎቹን በመጠን መደርደር ጀመረ።

ባለ ቀይ ሄልሜቱ ልጅ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ መጣ። ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኖቹ ቀላ ብለዋል።

«እንዴት ነው የታጠፍሽው ግን?» አላት። «በናትሽ አንድ ቀን አሳዪኝ።»

ስንጥር ጨርቁን ከጀርባዋ ደበቀች። «እሺ» ማለትም «እንቢ» ማለትም አቃታት። ልጁ እንደኮራችበት ቆጥሮ ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። ወደ ወንድሟ ዞረች። ቀና ብሎ አላያትም።

የድምፅ ማጉያው ተንኳኳ፤ እስከ ሦስተኛ የወጡት ወደ ዳኛዋ ጠረጴዛ ተጠሩ። ስንጥር እርሳሱን በሁለት እጇ ታቅፋ ተነሳች።

«ወዴት ነው እሱን ይዘሽ?»

«ተጠርቻለሁ።»

«ከፍጻሜው ትቀሪያለሽ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ኢንጂነሩ ጥቂት እርምጃ ተከተላት። «በቃ እኔ ልናገር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ ስትናገር ይረዝማል። ከኋላዬ ና፣ ስትጠየቅ ብቻ አውራ።»

ኢንጂነሩ የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ተከተላት።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩዋት። «ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ?»

ስንጥር እርሳሱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«መጀመሪያ ይመዝኑኝ» አለች።