እግር የሚሠራበት ቤት

ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠውም የደዋዮቹ ቁጣ ጆሮዋ ውስጥ መጮኹን አላቆመም። ከጧት ጀምሮ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ስትጠይቅ ነው የዋለችው።

ትምህርቷን እንደጨረሰች እዚህ የደንበኞች ስልክ መቀበያ አዳራሽ ለጊዜው ያስገባት አጎቷ ነበር። አዳራሹ ሊዘጋ ሲል በሩ ላይ ጠብቆ አለቆቹ ቋሚ ሊያደርጓት እንደተስማሙ ነገራት። ደመወዙ እናቷ ከምታገኘው በብዙ ይበልጣል።

«ነገ መልስሽን እፈልጋለሁ» አላት። «እንዲህ ያለ ወንበር ሁለቴ አይገኝም።»

ወደ ቤት አልሄደችም። ሆስፒታሉ ጀርባ ወዳለው፣ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ቤት አመራች። ተማሪ ሳለች ከሰዓት በኋላ እየመጣች ባለሙያዋን ታግዝ ነበር። ዛሬ ጎረቤታቸው ሾፌሩ አዲሱን እግሩን የሚሞክርበት ቀን ነው።

ሾፌሩ የመደገፊያውን ብረት ይዞ ቆመና አንድ እርምጃ ሄዶ ፊቱን አጨማደደ። ነከሰኝ አለ። ባለሙያዋ እግሩን አውልቃ ለልጅቷ አቀበለቻት። ልጅቷም ውስጡን በጣቷ ዳብሳ ጉብ ያለውን ቦታ አገኘችውና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው። ሾፌሩ እንደገና አጥልቆ ቀስ እያለ እስከ መስኮቱ ሄደ። እዚያው ቆሞ ወደ ውጭ እያየ ቀረ፤ ማንም አልጠራውም።

«የዚህ ሙያ ሥልጠና ሊጀመር ነው» አለች ባለሙያዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እጅሽ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ግን አልዋሽሽም፣ እዚህ ቤት ያለፈለት ሰው አላየሁም።»

ቤት ስትደርስ እናቷን ከልብስ እጥበትና ተኩስ ሥራዋ ተመልሳ ያበጡ እግሮቿን ትራስ ላይ ሰቅላ አገኘቻት። አጠገቧ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ልቧ ወደ ሥልጠናው እንዳደላም አልደበቀቻትም።

«እኔ ደግሞ አሁንስ ማረፌ ነው ብዬ ነበር» አለች እናትየው። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።» እግሮቿን ታሽላት ጀመር። «ሥልጠናው ከሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት ካንቺ ጋር ሥራ ልግባ። እኔ ልተኩስ፣ አንቺ ተቀምጠሽ እጠፊ።»

«ካውያ ቀልድ መሰለሽ? ወገብሽን ነው የሚቆርጥሽ።»

«ይቁረጠኛ።»

እናትየው ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች፤ እሺም እምቢም አላለችም። ልጅቷ ወደ ደጅ ወጥታ ለአጎቷ ደወለች። አመሰገነችው፣ ወንበሩንም ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ነገረችው። አጎቷ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ኋላ ትጸጸቻለሽ ብሎ ስልኩን ዘጋው። የሚጸጽታት ይሁን አይሁን እሷም አላወቀችም።

ስትመለስ እናቷን እንቅልፍ ሊወስዳት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ጠዋት ለሥራ ስቀሰቅስሽ ታዲያ እንዳትነጫነጪብኝ» አለቻት እናቷ።

«አልነጫነጭም።»

ማለዳ መነሳት ለልጅቷ ሞት እንደሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።