ከእንጦጦ ወዲህ ያለው ሰማይ

«ሞስኮ ይቅርብኝ» አለች ራያ፣ የስኳር ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች እግሮቿን ከቀሚሷ ሥር እየሰበሰበች። «ጥር ላይ ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች ነው። ሰው እንዴት እዚያ ይኖራል?»

«ለምደውታላ። አንቺ ደግሞ ዱባይ ይሻለኛል ልትዪ ነው» አለች ሜሪ።

«ታዲያስ። ሙቀት ሲሆን ቢያንስ ጣትሽ እስክሪብቶ ይይዛል።»

«ሐምሌ ላይ አርባ ዲግሪ ያልፋል እኮ። ከቤት መውጣት አትችዪም።»

«ምን አስወጣኝ? ኤሲ አለ አይደል?»

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ሱሉልታ ውስጥ፣ የራያ ወላጆች ሱቅ ጓዳ ተቀምጠው ነበር። የጂኦግራፊ መምህራቸው ባርናባስ የአምስት ትልልቅ ከተሞችን አየር ከራሳቸው ከተማ ጋር አወዳድራችሁ አምጡ ብለዋቸዋል። መጨረሻው ላይ እያንዳንዱ ተማሪ፣ በአየሩ ብቻ ቢመርጥ የት መኖር እንደሚፈልግና ለምን እንደሆነ መጻፍ አለበት። «ደስ ስለሚለኝ» የሚል መልስ እንደማይቀበሉ አስቀድመው ተናግረዋል፤ መምህር ባርናባስ የተማሪ ስንፍና ገና ከደጅ ይሸታቸዋል።

«ሲንጋፖር ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው» ብላ ከጂኦግራፊ መጽሐፏ አነበበች ሜሪ። «ይሞቃል፣ ይዘንባል፣ መልሶ ይሞቃል።»

«ክረምትና በጋ ከሌለ ሹራብ ሻጩ ምን ሊበላ ነው?» አለች ራያ። የነጋዴ ልጅ ናት፤ ዓለምን ሁሉ በሱቅ መስኮት ነው የምታየው።

ለንደን ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ገረማቸው። ዝናብ ሲባል ስሟ የሚነሳው ለንደን፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ራያ ተሳስተሽ ነው ብላ መጽሐፉን ከሜሪ እጅ ወሰደችው፤ ግን እውነት ነው። እዚያ በትንሽ በትንሹ ብዙ ቀን ያካፋል፣ እዚህ ግን ክረምት ላይ አንዴ ይለቀዋል።

«ይልቅ ቦጎታ እኛን ነው የምትመስለው» አለች ሜሪ። «ከፍታዋም ከኛ ጋር ይቀራረባል። ዓመቱን ሙሉ ብርድ ብርድ ይላል።»

«እዚህ እየበረደኝ እዚያ ሄጄ ልበረድ? ያንቺ ምርጫ እሷ እንዳትሆን ብቻ።»

እውነቱን ለመናገር ሜሪ ብርዱን ትወደዋለች። አባቷ ፈቀደ ከአርባ ምንጭ አካባቢ ለግንባታ ሥራ የመጣ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጃኬቱን እየደራረበ የሱሉልታን ብርድ ይራገማል። እናቷ ጥሩዬ ደግሞ «እዚህ ቢያንስ ወባ የለም» ትለዋለች። ሜሪ በዚህ ክርክር መሃል ገብታ አታውቅም፤ ብርዱን እወዳለሁ ማለት አባቷን መክዳት ይመስላታል።

«እሺ፣ አሁን የኛ ከተማ» አለች ራያ፣ የእናቷን ስልክ እየከፈተች። «ዛሬ ጠዋት፣ አሥራ አንድ ዲግሪ።»

«አይሆንም። ሳፋ ውስጥ ያደረው ውሃ ላይ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ በጣቴ ነው የሰበርኩት።»

«ስልኩ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

ሜሪ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ከቁጥሩ በላይ በደቃቅ ፊደል «አዲስ አበባ» ይላል።

«ራያ፣ ይሄ የሱሉልታ አይደለም።»

«እህ፣ ሎኬሽኑ ጠፍቶ ነው። ባትሪ ይበላል ብላ እማዬ ናት የምታጠፋው» ብላ ራያ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ሱሉልታ የሚል ስም መጣ። የጠዋቱ ቁጥር ወደ ሁለት ወረደ። ነገ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ተስሎ በነበረበት ቦታ፣ ደመናና የዝናብ ጠብታ ተሳለ።

«ረቡዕም ያየነው የአዲስ አበባን ነው ማለት ነው» አለች ሜሪ።

ረቡዕ ዕለት፣ የእነሜሪ ቤት አከራይ ኦቦ ቦጂያ ጠርተዋት ነበር። ከግቢያቸው ጀርባ ሰፊ የሳር ሜዳ አላቸው። የኅዳር ሳር ታጭዶ ሜዳው ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ ይገላበጣል፣ ሲደርቅ ይከመራል፤ ላሞቻቸው እስከ ክረምት የሚበሉት ድርቆሽ እሱ ነው። ታጭዶ ሳይከመር ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። ኦቦ ቦጂያ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ በዚያች ስልካችሁ እዪልኝ፣ ሮባ ይመጣል? ዝናብ?» ብለው ጠየቋት። ሜሪም ከራያ ጋር በዚሁ ስልክ አይታ፣ እስከ ማክሰኞ ጠብታ የለም አለቻቸው። በማግሥቱ አሳጨዱት። ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ቅዳሜ ላይ ስለዋለ፣ ቀጥሎም እሑድ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቀናት እሳቸው መሣሪያ አይነኩም። ለመከመር ደቦ የጠሩት ለሰኞ ነው።

«ተሸወድን» አለች ሜሪ፣ ነገሩን ለራያ ከነገረቻት በኋላ።

«አታካብጂ። ዝናብ ቢመጣ አንቺን ማን ይጠይቅሻል? ሰው የሚያማርረው ሰማዩን ነው።»

«እኔ ግን አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ? ይሄም ስልክ ሊሳሳት ይችላል። ሄደሽ ሰውዬውን አስደንግጠሽ ሳይዘንብ ቢቀርስ? ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚስቅብሽ።»

ራያ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ያለችውም እውነት ነው። ሜሪን ያስፈራትም ይኸው እውነትነቱ ነበር። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ብትናገር ግን፣ አንድም መጀመሪያ ተሳስታለች፣ አለዚያም ሁለት ጊዜ ተሳስታለች።

ወደ ቤት ስትሄድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ኦቦ ቦጂያ በረቱ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?»

«ፈያ ነኝ ኦቦ። አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር። ረቡዕ ያየሁልዎት የአዲስ አበባን ነው። ሳላስተውል። የኛ ነገ ዝናብ አለው ይላል።»

ኦቦ ቦጂያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩት፤ ከዚያ ሜዳውን፣ ከዚያ እሷን።

«ያኛውም ስልክ፣ ይሄኛውም ስልክ። የቱን ልመን?»

«አላውቅም» አለች ሜሪ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«ነገ ሚካኤል ነው። ቢበሰብስም እጄን አልሰድም። ደግሞ አሁን መሽቷል፣ ማንን እጠራለሁ?»

«እኛ ቤት ነገ በዓል አይደለም። እኔ ልሰብስበው?»

«በሚካኤል ቀን ሰው ያሠራል ልባል?»

«እርስዎ አላዘዙኝም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። «እኔ አላዘዝኩም» አሉ በመጨረሻ። «አልከለከልኩምም።» ወደ ቤታቸው ገቡ። መቆጣት አለመቆጣታቸውን ማወቅ አልቻለችም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

ማታ ለአባቷ ስትነግረው ፈቀደ ሳቀባት። «ከተማዎቹን ሁሉ አውቀሽ የራስሽን አጣሻት ማለት ነው?» አላት። ነገ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ስላለበት ከዚያ በኋላ እንደሚደርስላት ቃል ገባላት።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ሁለት መንሾች ከግድግዳው ተደግፈው አገኘች። ኦቦ ቦጂያ ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሜዳው ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፤ እርጥብ ሳር ስለማይከመር ፀሐይዋ እስክታደርቀው መጠበቅ ነበረባት። ሳሩ ሲደርቅ ጀመረች። መንሹ ከቁመቷ ይበልጣል። አንዱን መስመር ወደ መሃል ገፍታ ሳትጨርስ መዳፏ ተላጠ።

ራያ የወንድሟን የዲኖን ጃኬት ለብሳ፣ እጇን ኪሷ ከትታ መጣች።

«እኔ ዱባይ ነው የመረጥኩት፣ ይመዝገብልኝ» አለችና ሁለተኛውን መንሽ አነሳች።

ጎን ለጎን ሠሩ። ከየሰፈሩ ለኅዳር የሚቃጠለው የቆሻሻ ክምር ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነፋስ የለም፣ ደመናም የለም። ሰማዩ እንደዚያ ጠርቶ ሜሪ አይታው አታውቅም። ፀሐይዋ በጠነከረች ቁጥር ደግሞ የበለጠ አፈረች። ዝናብ እንዲመጣ መመኘት የለባትም፤ ግን ተመኘች፣ በመመኘቷም ራሷን ታዘበችው።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሰዎች በሜዳው ጥግ ሲያልፉ ቆም ቆም አሉ። አንዱ ጎረምሳ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ጠብታ የሚቀበል መሰለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ኦቦ ቦጂያ ከኋላቸው ነበሩ። ሲስቁ አብረዋቸው አልሳቁም። ወደ ግቢያቸው ገብተው በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ገና አላጋመስነውም» አለች ራያ፣ ላቧን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረገች። «ሜሪ፣ ካልዘነበስ?»

«ካልዘነበ ይስቁብኛል።»

«እሱ አያስፈራሽም?»

«ያስፈራኛል» አለች ሜሪ።

ሰማዩን ዳግመኛ ቀና ብላ አላየችም። የተላጠ መዳፏን በሻርፗ ጫፍ ጠቀለለችና ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች።